በሳሙና የታጠበው ስፖንጅ

ይጦ ለልጅ ልጇ ምሳ ይዛ ወደ ሐዱ ጋራዥ ስትሄድ፣ መንገዱን ሁሉ ሰማዩን ታይ ነበር። ከአሸዋው ተራራ በላይ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ደመናው ቀላ ብሎባታል። ነፋስ ይሆን? የልጅ ልጇ ዚድ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንጆች በሞተር ሳይክል መርቶ በረሃ ሊገባ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ለእሷ ግን ትናንት ጡት የጣለ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነው ያደረችው።

ጋራዡ ደጅ ላይ ሦስት አራት የበረሃ መንገድ መሪዎች ሻይ ከበው ተቀምጠዋል። ዚድ ተንበርክኮ፣ ከሞተር ሳይክሉ ወንበር ሥር የሚገባውን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ በዘይት ያሻል። ሽማግሌው መካኒክ ሐዱ ከላዩ ቆሟል።

«አትጠምዝዘው ብዬሃለሁ! ማጣበቂያው ይለቃል። እንደ ሊጥ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ዘይት ያልነካው ቦታ ካለ አሸዋው የሚገባልህ በዚያች ነው።»

«ጋሽ ሐዱ፣ ይሄ ስፖንጅ እኮ ከእኔ የበለጠ ጠግቧል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም!»

ሰዎቹ ሳቁ። ላሕሰን የሚባለው መሪ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ስለተቀመጠ የይጦን መምጣት አላየም።

«ይጥገብ፣ ይጥገብ! እንደ ባሱ በደረቁ እንዳትገባ ብቻ!»

ይህ እዚያ መንደር የቆየ ተረብ ነው። ዘይት የረሳ፣ ውሃ የረሳ፣ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ «አንተ ባሱ» ይባላል። ባሱ የይጦ ልጅ፣ የዚድ አባት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በረሃ መሀል ሞተሩ አሸዋ ውጦ ቀጥ አለበት፤ በእግሩ ሲመለስ ውሃ ጥም ገደለው። ሞተር ሳይክሉን ሲያነሱት ማጣሪያው ላይ ጠብታ ዘይት አልነበረም።

የዚድ ጆሮ ቀላ። ቀና ሳይል፣ «እኔ እሱን አይደለሁም» አለ። «እሱ ስንፍናው ነው የገደለው።»

ይጦ በሥጋ የተሞላውን ዳቦ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ሌላው ሰው ሲለው ስንት ጊዜ ሰምታ አልፋለች፤ ሙት ወቃሽ አያጣም ብላ። ከገዛ ልጁ አፍ ግን ሰምታው አታውቅም።

«ባሱ አልረሳም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ላሕሰን ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። «ውይ እማማ! ይቅር ይበሉኝ፣ አላየሁዎትም...»

«ተቀመጥ ልጄ። አንተ ምን አጠፋህ? ባሱ አልረሳም። እኔ ነኝ።»

ዚድ እጁ በዘይት እንደተነከረ ቀረ። «አያቴ፣ ምን እያልሽ ነው?»

ቁና ቁና እየተነፈሰች ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ሁለት ስፖንጅ ነበር ያዘጋጀው። አንዱ ሞተር ሳይክሉ ላይ፣ ሌላው ዘይት ጠጥቶ፣ በፌስታል ታስሮ፣ ሣጥኑ ውስጥ። እኔ የሚታጠብ ልብስ ስፈልግ አገኘሁት። እጄ ላይ ተጣበቀብኝ። የቆሸሸ መሰለኝ! እንደ እኔ ያለች እናት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? በሳሙና ሦስት ጊዜ አሸሁት፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን። ጣራ ላይ አደረቅሁት፤ መልሼ በፌስታሉ አሰርኩለት። ደስ እንዲለው ብዬ።»

ላሕሰን ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«በማግስቱ በረሃ እንደገባ ያ ነፋስ ተነሣ። አንደኛው አሸዋ ጠጥቶ ሲደፈንበት ሁለተኛውን ሊቀይር ፈታው። ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። ‹እማ፣ ሣጥኔ ውስጥ ያለውን አጥበሽው ነበር እንዴ?› አለኝ። ‹አዎ ልጄ፣ ተጨማልቆ አግኝቼው፣ ጥሩ አድርጌ አጠብኩልህ› አልኩት። ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ። ‹ቀስ እያልኩ እነዳለሁ፣ ለእራት እደርሳለሁ› አለኝ።»

«ከዚያስ?» አለ ዚድ።

«ከዚያማ ስልክ የለም።»

ሐዱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። የሚጠረግ ነገር ካለቀ በኋላም ይጠርግ ነበር።

«እኔ አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስፖንጁን ከሞተር ሳይክሉ ሳወጣው ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። ባሱ በነጭ ጋዝ ነበር የሚያጥበው። የማን እጅ እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ሲያጎድፉት ዝም አልክ?» አለችው ይጦ።

«ሙት ምን ይሰማዋል ብዬ ነዋ ይጦ! አንቺ ግን በሕይወት ነበርሽ።»

«ይሄስ?» አለች ጣቷን ወደ ዚድ ቀስራ። «ይሄ አይሰማም? በአባቱ እያፈረ አይደል ያደገው? አንተም ዝም፣ እኔም ዝም። እኔ ፈሪዋ! ይጠላኛል ብዬ።»

ዚድ የጨረሰውን ስፖንጅ እንደገና ማሸት ጀመረ። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ዘይቱ በክንዱ ላይ ወረደ፤ ሐዱም በቃህ አላለውም። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረው። ዳቦውን ከእጇ ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠ፤ አልቆረሰውም።

በነጋታው ማለዳ ሞተር ሳይክሉ ደጅ ላይ ሲነሣ ይጦ ወጣች። ሰማዩ ጠርቷል። ሣጥኑ ታስሯል፣ የውሃው ጠርሙስ ሁሉ ተጭኗል። ቆጠረችው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ስለ ዘይቱ ልትጠይቀው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ዚድ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቤት ሲወጣ እጇን ሳይስም ሄዶ አያውቅም። እጇን ዘረጋችለት። የተዘረጋውን እጅ አየው። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

«ማታ እደውልልሻለሁ» አለ፤ ድምፁ ልክ የአባቱ ነው። «እራት ግን አትጠብቂኝ።»

አቧራው ከአሸዋው ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ቆመች። እጇን ግን እንደዘረጋችው ነበር፤ ሲበርዳት ነው ያስታወሰችው።