ስሸነፍ አቆማለሁ

ካስ ዎልኒክ ካሸነፈው ኩባንያ ሁሉ አንድ ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ኒውዮርክ ያለው ቤቱ በዚህ ዓይነት ዕቃ ተሞልቷል፦ ማንቆርቆሪያ፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ የሕፃን ጋሪ፣ የፀጉር ማድረቂያ። አንዱም ከካርቶኑ አልወጣም። ሚስቱ አዴል ባለፈው ክረምት “ወይ ካርቶኖቹ ይውጡ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ” አለችው። ካርቶኖቹ ስላልወጡ እሷ ወጣች። ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤታቸው ሄዳ እዚያው ቀረች። ተጣልተው አይደለም። ማታ ማታ ይደዋወላሉ።

ስትሄድ፣ “መቼ ነው የምታቆመው?” ብላው ነበር።

“ስሸነፍ አቆማለሁ” አላት።

ችግሩ፣ ካስ ተሸንፎ አያውቅም።

እኔ፣ ሮ፣ ለእሱ ድምፅ እሰበስባለሁ። ካስ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን በብዛት ይገዛና ለኃላፊዎቹ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ይህን ሕንፃ ሽጡ፣ ያንን ፋብሪካ ዝጉ፣ ገንዘቡን ለባለአክሲዮኖች መልሱ። እምቢ ሲሉት የራሱን ሰዎች ለቦርዱ ያስመርጣል። ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች ነጭ የድምፅ መስጫ ካርድ ይልካል፤ እኛ ሰማያዊ እንልካለን። ከዚያ እኔ ስልኩን አነሳለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ካስ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ የተፈረመ ካርድ ሰጥቶኝ “ስሙን ተዪው ሮ፣ ቀኑን እዪ” አለኝ። አንድ ሰው ሁለቱንም ካርድ ከፈረመ የሚቆጠረው በኋላ ቀን የተፈረመው ብቻ ነው።

አባቱ ቡፋሎ ውስጥ የዳቦ መኪና ይነዱ ነበር። ካስ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ፊልሙን ማንም የማያይለት ነገር ግን ጥሩ ጥሩ መሬት ላይ የተቀመጠ የሲኒማ ቤት ድርጅት አክሲዮን ገዛ። ድርጅቱ ዛሬ የለም፤ ካስ ግን ከዚያ ወዲህ ሀብታም ነው። ጋዜጦች “ጥንብ አንሳ” ሲሉት ቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ኋላ ኋላ የእሱን ደብዳቤ እየገለበጡ የሚጽፉ ወጣቶች በዙና፣ ጋዜጦቹ “አንጋፋው” ይሉት ጀመር። “ያረጀሁት ያን ቀን ነው” ይላል። ያንን ግን ቆርጦ አልለጠፈውም።

ባለፈው ሜይ ኦሃዮ ውስጥ ላንግስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበርን። ኩባንያው ብሬናርድ ምድጃ ይባላል፤ የማብሰያ ምድጃ ይሠራል። የብረት ማቅለጫው አርጅቷል፣ የተሠራበት የወንዝ ዳር መሬት ግን ውድ ነው። ካስ በቦርዱ ሦስት ወንበር ፈልጓል። ስንመጣ መኪና ውስጥ “ቢያሸንፉን ምን ይመስልሻል?” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ የጨጓራ ክኒኑን እያላመጠ በመስኮት ያይ ነበር።

ጉባኤው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ሚስዝ ሎሬታ ቬች ጋ ደወልኩ። ሟች ባለቤታቸው ከደሞዛቸው እየቆረጡ የገዙትን አክሲዮን አንድም ሳይሸጡ ያቆዩ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ናቸው። የእሳቸው ድምፅ ከብዙ ባንኮች ድምፅ ይበልጥ ነበር።

“ሰማያዊ ካርድዎ ደርሶናል፤ ለማመስገን ነው” አልኳቸው።

“እሱን ተይው! ነጩንም እኮ ልኬላቸዋለሁ።”

“ነጩን?”

“ከላይ እስከ ታች፣ ስማቸው ላይ ሁሉ ‘እቃወማለሁ’ ብዬ! ቀኑን አሥራ አንድ ብዬ ፈርሜ ላክሁላቸው። ሁለቴ ነው ያቀመስኳቸው!”

ዓይኔን ጨፈንኩ። በእኛ ሥራ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ሰማያዊውን የፈረሙት ቀደም ብለው ነው። ነጩ ላይ የቱንም ያህል ቢቃወሙ፣ ነጩ ሰማያዊውን ሰርዞታል፤ ለእኛ ሰዎች የሰጡት ድምፅ ጠፍቷል።

ካስን ሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ ደረቅ ብስኩት ለሁለት ሲሰብር አገኘሁት።

“ፊትሽ ምን ሆነ?”

ነገርኩት።

“ያለ እሷ?” አለ።

“በጥቂት ድምፅ እንሸነፋለን።”

“ከእሷ ጋርስ?”

“እናሸንፋለን። ዛሬ አዲስ ሰማያዊ ካርድ ከፈረሙ አለቀ። አሁኑኑ ሄጄ…”

“እኔ እሄዳለሁ።”

“አንተ? ባለአክሲዮን ቤት ሄደህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አለና ብስኩቱን ሳይበላው ተነሣ።

ሚስዝ ቬች የስፖርት ቱታ ለብሰው፣ ዶቃ አድርገው በሩን ከፈቱልን። ካስን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ፎቶው ላይ ረዥም ትመስላለህ።”

“ፎቶ አንሺው አጭር ነበር።”

“ግባ፣ አንተ ልጅ” አሉት የሰባ ስድስት ዓመቱን ሰው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ብሬናርድ ምድጃ አለ። አጠገቡ ትራስ የተደረገበት ወንበር። የፍራፍሬ ፓይ ቆርሰው ሰጡንና ስለ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጀመሩ። “ድሮ ለገና ለጡረተኛው ሁሉ አንድ አንድ የአሳማ ታፋ ይላክ ነበር። ይኼ ልጅ መጣና በፖስታ ካርድ ቀየረው። ፖስታ ካርድ! ምን ላድርገው፣ ልቀቅለው?”

እኔ ሳቅሁ። ካስ ሹካውን አስቀመጠ።

“ሚስዝ ቬች፣ እኔ ታፋውን አልመልስም።”

“እህ?”

“ካሸነፍኩ ታፋም የለም፣ ፖስታ ካርድም የለም። ማቅለጫውን እዘጋለሁ፤ መሬቱን እሸጣለሁ። ካርዱን ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት።”

ይህን ለአንድም ባለአክሲዮን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለምን ራሱ እንደመጣ ያኔ ገባኝ። እምቢ እንዲሉት ነው የመጣው።

ሚስዝ ቬች ተነሥተው ምንም ያልቆሸሸውን ምድጃ በጨርቅ ወለወሉት።

“ባሌ ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ማቅለጫ ውስጥ ሠራ። ከዚያ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲስል ኖረ። አልጋ ላይ ጋደም ካለ ያፍነዋል፤ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው። ለታፋ ብዬ መሰለህ? ስለ ታፋው የማወራው ሰው ስለሚስቅልኝ ነው። ስለ ሳሉ ሳወራ ሁሉም ሰዓቱን ያያል።” ጨርቁን አጠፉት። “ዝጋልኝ። የት ጋ ነው የምፈርመው?”

ካስ አልተንቀሳቀሰም። ካርዱን ከቦርሳዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀስ ብለው ስማቸውን ጻፉ።

“ቀኑስ? ዛሬ ስንት ነው?”

አፌን ከመክፈቴ በፊት ካስ “ዘጠኝ” አለ።

“ዘጠኝ ነው እንዴ? ነጩ ላይ አሥራ አንድ ብዬ የለ እንዴ! እኔማ የቀኑ ነገር ጠፍቶብኛል። እንግዲህ የሐኪም ቀጠሮዬ አሥራ አራት ነው፤ ገና ነዋ።” ዘጠኝ ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

ቀኑ አሥራ ሦስት ነበር። ዘጠኝ የሚል ካርድ ደግሞ አሥራ አንድ የሚለውን ነጭ አይሽርም።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ።

“ዘጠኝ አልካቸው።”

“አልኩ?”

“ካስ፣ ገንዘባቸውን የሰጡህ ሰዎችስ? እኔስ?”

“ደክሞኛል ሮ” አለ። ይህንንም ሰምቼው አላውቅም። “አዴል ብቻዋን ናት። እንዴት እንደሚተው አላውቅበትም። አንድ ጊዜ እንኳ ልሸነፍ።”

ነዳሁ። ሆቴል ስንደርስ ደግፌ አወረድኩት፤ ከእጁ ክብደት ይልቅ የኮቱ ይከብድ ነበር። ዝም እንደምል ወስኜ ክፍሌ ገባሁ። ካርዱን ምንም ሳልቀይርበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫማዬን ሳወልቅ ግን ቀጠሮው ትዝ አለኝ። ነገ ነው። እሳቸው ገና አምስት ቀን ያለው መስሏቸዋል።

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁት።

“ሚስዝ ቬች፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮዎ ነገ መሆኑን ላስታውስዎት ብዬ ነው።”

ቴሌቪዥናቸው ይሰማኝ ነበር።

“ስለዚህ ዛሬ አሥራ ሦስት ነው።”

“አዎ።”

“ያ ልጅ ግን ዘጠኝ ነው ያለኝ።”

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርድ ገለበጥኩት።

“አመሰግናለሁ የኔ ልጅ” አሉና ዘጉት።

በማግስቱ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ነበር። ካስ ፊት ረድፍ ላይ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሌሊቱን ደህና እንደተኛ ሰው ተቀምጧል። ድምፅ ቆጣሪው “ድምፅ መስጠቱ ሊዘጋ ነው፤ በአካል የሚሰጥ አለ?” ሲል የኋላው በር ተከፈተ። ሚስዝ ቬች በዚያው ቱታ፣ በምርኩዝ፣ የጎረቤት ሴት ደግፋቸው ገቡ።

“እኔ አለሁ! ቀኑንም አጣርቼ ነው የመጣሁት፤ አሥራ አራት ነው!”

ሰዉ ሳቀ። በአካል የተሰጠ ድምፅ የትኛውንም ካርድ ይሽራል። ካስ ዞሮ እሳቸውን አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ። ቁጣ አልነበረውም። ሩቅ መንገድ ሄዶ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው።

አሸነፍን።

ሥራ አስኪያጁ እየቀፈፈው የካስን እጅ ጨበጠ። ሚስዝ ቬች ወንበሮቹን አልፈው ካስ ፊት ቆሙ።

“ሐኪሜን ትቼ ነው የመጣሁት። አሁን ጥለኸው እንዳትሄድ። ራስህ ቆመህ ዝጋው።”

“እሺ” አለ ካስ። በቃ፣ እሺ ብቻ።

እሳቸውን ሐኪም ቤት ላደርስ መኪናዬን ሳስነሳ፣ ካስ ደረጃው ላይ ቆሞ ሲደውል መስኮቴ ክፍት ነበር።

“አዴል፣ እኔ ነኝ። አሸነፍኩ።” እሷ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ከዚያ ግንባሩን በእጁ ደግፎ መለሰላት።

“አረንጓዴ ምድጃ” አላት።