እትዬ አየር ላይ

ፍሪጅ ጠጋኙን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጣቢያው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የተበላሸ ፍሪጅ ፈቶ እስኪገጥም ድረስ አፉ ለአፍታ አያርፍም፤ ፍሪጁ መቀዝቀዝ ሳይጀምር ባለቤቱ ደክሞት ቁጭ ይላል። ክፋት የለበትም፣ ኧረ ምንም። ዝም የተባለበት ቦታ ሲያይ ግን የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስለውና ቶሎ ብሎ ሊጠግነው ይነሳል።

ከፍሪጅ ቀጥሎ የሚወደው ሬዲዮ ነው። በከተማው ፈቃድ ያላቸው አማተር ሬዲዮኞች በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ አየር ላይ ይገናኛሉ፤ ስለ አንቴናና ስለ ባትሪ ያወራሉ፣ ይተራረባሉ፣ የታመመ ካለ ይጠያየቃሉ። ሰብሳቢው ጣቢያው ነው። ማን መርጦት እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ብቻ አንድ ቀን መሰብሰብ ጀመረ፣ የሚያስቆመውም ጠፋ።

ታላቅ እህቱም ከማኅበሩ አንጋፋዎች አንዷ ናት። እሱ እትዬ ይላታል፤ እሱን ሰምተው ማኅበርተኞቹም ሁሉ እትዬ ይሏታል። ዕድሜዋን በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ድምፅዋ የረጋ ሴት ናት። ወንድሟን ሬዲዮ ያስለመደችውም እሷ ነች። በቅርቡ ግን እግሯ ተሰበረና ደረጃ መውጣት ስላቃታት ምድር ቤት ያለ ክፍል ተከራየች። ክፍሉ በረጃጅም ፎቆች ተከቧል። የእጅ ሬዲዮዋ እንደ ድሮው ኮረብታው ላይ ካለው ማስተላለፊያ ጋር መገናኘት አልቻለም፤ የእሁዱ ጨዋታ ቀረባት።

«እግሬስ ይድናል» አለችው አንድ ቀን። «የከበደኝ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር መፋጠጡ ነው። እሁድ እሁድ እንኳ የሰው ድምፅ—»

«ገባኝ፣ እትዬ! ለእሱ መላ አለው። ለእኔ ተይው!»

የእውነት አዝኖላት ነበር። በሳምንቱ አንድ የሬዲዮ ሆትስፖት ይዞላት መጣ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ ከጎኗ አጭር አንቴና ብቅ ብሏል። ከእትዬ ሬዲዮ የወጣውን ድምፅ ተቀብላ በቤቱ ዋይፋይ ወደ ማኅበሩ ቻናል ትልካለች፤ ከቻናሉ የመጣውን ደግሞ መልሳ ለሬዲዮው ታሰማለች። ፎቅ ቢከብባት ግድ የላትም።

ጣቢያው መደርደሪያው ላይ ቦታ አበጀላት። ሶፍትዌሩን ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጫነ፣ የእትዬን የጥሪ ምልክትና መለያ ቁጥር አስገባ፣ ሬዲዮውንና ሰሌዳዋን አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አገናኘ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግም እያንዳንዷን ነገር ጮክ ብሎ ያስረዳ ነበር። ሲጨርስ የራስን ድምፅ መልሶ የሚያሰማውን የሙከራ ቻናል ከፈተላት። እትዬ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭና «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ከሬዲዮው ውስጥ የገዛ ድምፅዋ «እንደምን ዋላችሁ» አላት። እንደ ልጅ ሳቀች፤ እሱም ልቡ ቅቤ ጠጣ።

እሁድ ደረሰ። እትዬ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሬዲዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። የሚያያት እንደሌለ ጠፍቷት አይደለም፤ ደስ ብሏት ነው። ስብሰባው ግን ተጀምሮ እስኪያልቅ የእሷን ድምፅ የሰማ አልነበረም።

«እትዬ፣ ካለሽ ግቢ፤ አልገባችም፤ እሺ ፋርማሲስት፣ አንተ ቀጥል!» እያለ ጣቢያው ሲጣራ ሰምታዋለች። እየሰማችው ቁልፉን ተጫነች። ሬዲዮው ጡጥ ብሎ መለሳት። እንደገና ተጫነች፤ እንደገና ጡጥ።

በማግስቱ ጣቢያው የዕቃ ቦርሳውን አንግቦ ከች አለ።

«ምን ሆነ መሰለህ፣ ስጫነው እኮ—»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ቻርጀሩ ነው። ኃይል ሲያንሳት ትደናገራለች።»

ቻርጀሩን ቀየረላት። በሙከራው ቻናል ሞከሩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ። እሁድ ሲመጣ ግን ያው ጡጥ። በሚቀጥለው ሳምንት አንቴናውን ቀየረ። ከዚያ ካርዱን አጥፍቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫነው። ከዚያም ኮምፒውተሩ ፊት አቀርቅሮ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የስህተት መጠን ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ የሰሌዳዋን ፍሪኩዌንሲ በጥቂት በጥቂቱ ሲያስተካክል ዋለ። እትዬ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ልትነግረው ትጀምራለች፤ እሱ ደግሞ ከአፏ ነጥቆ ይጨርስላታል፣ የሚጨርሰውም ሌላ ነገር ነው። ሙከራው ሁልጊዜ ይሠራል። እሁድ ሁልጊዜ እምቢ ይላል።

በመጨረሻ እትዬን ሰለቻት። አልጮኸችም፤ መጮኽ አታውቅም። «ንቀለው» አለችው። «ለሚጠቅመው ሰው ስጠው። በየሳምንቱ ተበጥሬ እየጠበቅሁ ማፈር በቃኝ። ሬዲዮውንም ይዘኸው ሂድ።»

ጣቢያው ክው አለ። እትዬ ሬዲዮ ተወች ማለት ለእሱ በሬ ወለደ ነው። ከዚያ በኋላ ከማን ጋር ልትውል ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ ተንተባተበ።

«ይቺን እሁድ ብቻ፣ እትዬ። በሞቴ። ራሴ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እምቢ ካለች የዚያኑ ለት እነቅላታለሁ።»

ፋርማሲስቱን ለምኖ የዕለቱን ስብሰባ እንዲመራለት አደረገ። ፋርማሲስቱ እርጋታው ለጉድ ነው፤ መድኃኒት ሲሸጥ እንኳ «ከምግብ» ብሎ «በኋላ» እስኪል ታማሚው ይሻለዋል። ጣቢያው ሰውየውን በዚህ ሲያማው ኖሯል።

እሁድ ከሰዓት ወንድምና እህት መደርደሪያው ሥር ተቀመጡ። ድምፅ ከቻናሉ ሲመጣ የሰሌዳዋ መብራት ይበራል። ፋርማሲስቱ ሰላምታ ሰጠ፣ የተገኙትን ጠራ፣ ከዚያ ቁልፉን ለቀቀ። መብራቱ ጠፋ። ዝም አለ።

«ምነው? ምን ሆነ?» ጣቢያው ከወንበሩ ተነሳ። «ተቋረጠ! ዋይፋዩ ነው፣ አይደል? ቆይ እስቲ—»

እትዬ ሰውነቷ እንኳ አልተናወጠም። መብራቱ መጥፋቱን አየች፣ ቁልፉን ተጫነች። ሬዲዮው ጡጥ አላለም። የጥሪ ምልክቷን በዚያ በረጋ ድምፅዋ ተናገረችና «እንደምን ዋላችሁ» አለች።

«እትዬ!» ፋርማሲስቱ እንኳ ፈጠን አለ። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ! የት ጠፍተሽ ነው? እግርሽስ?» የሌላው ማኅበርተኛ የጫማ ሰፊው ድምፅ ተከተለ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ፣ ሌላ። ሁሉም በየመሃሉ ትንሽ ፋታ እየሰጡ ይገባሉ፤ በዚያች ፋታ እትዬም ትገባለች። ስለ ምርኩዟ ቀለደች፤ ሳቁባት፤ ሳቀች።

«ዛሬማ ጣቢያው ስለሌለ ለሁላችንም ደረሰን!» አለ ጫማ ሰፊው።

ጣቢያው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰሌዳዋ ወይ ትናገራለች ወይ ትሰማለች፤ ሁለቱን ባንዴ አትችልም። የእሱ ድምፅ ከውስጧ እየወጣ እስከቆየ ድረስ የእትዬን አትሰማም። ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ለማኅበርተኛው ሁሉ አስረድቷል፤ ሳያቋርጥ፣ ማንንም ሳያስገባ አስረድቷል። ሌላው ጣቱን ከቁልፉ እንዳነሳ እሱ ወዲያው ይገባ የለ! እትዬ ለመግባት በሩ የት አላት?

«ያ ጡጥ የሚለው…» አለ፣ ስብሰባው አልቆ ሬዲዮው ሲዘጋ።

«መስመሩ ተይዟል ማለት ነዋ። እኔ ስልክ ማዞሪያ ቤት ያረጀሁ ሰው ይህ ይጠፋኛል? ስንቴ ልነግርህ ጀመርኩ?»

«ታዲያ ጨርሰሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረ?»

«አስጨረስከኝ እንዴ?»

ከት ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የቆጨው የሬዲዮው ብቻ አልነበረም። ለካ ዕድሜ ልኩን እትዬ የጀመረችውን ወሬ እሱ ሲጨርስላት ኖሯል፤ የስንቱን ወሬ መጨረሻ ሳይሰማ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። ችግሩ አንቴናው ነበር ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ለአፍታም አስቦት ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ። «ሰሌዳዋ ምንም አልነበረባትም። እኔ ነኝ።»

«ይሁን» አለችው፤ እጁን ያዝ አድርጋ። «እሁድ እንግዲህ እናይሃለን።»

የሚቀጥለው እሁድ ጣቢያው ወደ ሰብሳቢነቱ ተመለሰ። ሰላምታ ሰጠ፣ ማን እንደተገኘ ጠየቀ፣ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ። ዝም አለ። እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ምላሱን በላው፤ ሰው ሁሉ ትቶት የሄደ መሰለው፤ ባዶ እጁን ጭኑ ሥር ወሸቀው። ከዚያ እትዬ ገባች።

ስለ እግሯ ነገረቻቸው። ያለ ምርኩዝ እስከ ግቢው በር ደርሳ ተመልሳለች፤ ለጎረቤት ድመት ሰላምታ ሰጥታ ድመቷ ፊት ነስታታለች። ወሬዋን እስከ መጨረሻው ጨረሰች፣ ጣቢያውም እስከ መጨረሻው ሰማ። ስትጨርስ ስለ ድመቷ የሚለው ነገር አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ምንም ዋጠው።

ያን ጊዜ ነው ማንም የማያውቀው አንድ ጎርናና ድምፅ የገባው።

«ይቅርታ… ይሰማል?» አለ እየፈራ። «ራቅ ካለ ቦታ ነኝ። እኔም ያለችኝ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ናት። ከተማችሁን ባላውቅም ሁላችሁንም በድምፅ አውቃችኋለሁ፤ በየእሁዱ እሰማችኋለሁ። ለመግባት ብዙ ሞክሬ… የእኔ አትሠራም ብዬ ትቼው ነበር።»

ጣቢያው እጁን ከጭኑ ሥር መዞ አወጣ። ሰውየውን ይቅርታ ሊለው፣ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው፣ ስሙን፣ አገሩን፣ አንቴናውን ሊጠይቀው ፈለገ፤ ቃሉ ሁሉ ባንዴ ተደራርቦ አፉ ላይ ተከማቸ። ቁልፉን አልተጫነም። በዚያች ፋታ የእትዬ ድምፅ ቀስ ብሎ ገባ፤ ማዞሪያ ቤት ሳለች ስንቱን የራቀ ሰው ያገናኘችበት ድምፅ።

«ተገናኝተዋል» አለችው። «ይቀጥሉ።»

ጣቢያው ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበሩን ጠጋ አደረገ፤ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስም ጠበቀ።