ባትሪው የለበሰው ብርድ ልብስ

ባትሪው አሁንም ቀይ መብራቱን እንዳበራ ነው። ልጅቷ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታራግፍ ዓይኗን እሱ ላይ ጣለች። ጣሪያ ላይ ወጥታ ከሶላሩ ላይ በረዶ ስትጠርግ ነው ያረፈደችው። ፀሐይዋ ዛሬ እንደ ጉድ ወጥታለች። ታዲያ ምን ያደርጋል? ባትሪው አልቀበል ብሏል!

የሊትየም ባትሪ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቀዝቅዞ ድርቅ ቢልም ያለውን ይሰጣል፤ የሚቀበለው ግን ሞቅ ሲለው ብቻ ነው። በግድ ቢሞሉት ውስጡ ስለሚበላሽ የራሱ መቆጣጠሪያ አላስገባም ይላል። ትናንት ማታ በረጅም ሽቦ እየሠራ ብርዳሙ ጓዳ ውስጥ ረስታው አደረች፤ ጎህ ሲቀድ አቅፋ አምጥታ ከምድጃው ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠችው። ካልሞላ የአባቷ መተንፈሻ መሣሪያ ማታ አይሠራም፤ እሳቸው ደግሞ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንፋሻቸው ቀጥ ይላል። መንገዱን በረዶ ዘግቶታል፣ ጎረቤት የሚባል የለም።

ጠጋ ስትል ባትሪው በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ብቅ ያለው መብራቱ ብቻ ነው።

«ማነው የጠቀለለው?» ብላ ጮኸች፣ ከሁለታቸው ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

«እኔ ነኛ!» አሉ አባቷ ጥግ ካለው አልጋቸው ላይ። «ሰውዬው በብርድ አለቀ፤ አሳዘነኝ።»

«አባባ! ብርድ ልብስ እኮ በራሱ አያሞቅም! የምድጃውን ሙቀት ነው የከለከሉት! እንደበረደ ነው ያቆዩት!»

ያኔ ነው ልብ ብላ ያየቻቸው። በስስ ሹራብ ኩርምት ብለዋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ብርድ ልብሱ የራሳቸው ነበር። መጮኋ አንገበገባት።

ባትሪውን ገለጠችው። አንዲት ሽቦ ብታዛውር መቆጣጠሪያውን ታታልለዋለች፤ መፍቻውንም አንስታ ነበር። ግን የዛሬን ለማደር ብላ የብርዱን ወራት ሙሉ ያለ ባትሪ መቅረት ነው። መፍቻውን መልሳ አስቀመጠችና አንዴ ባትሪውን፣ አንዴ መስኮቱን እያየች ተቀመጠች።

መቀበል መጀመሩን የሚናገረው አረንጓዴ መብራት ሲበራ ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ጫፍ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር።

«ይበቃል?» አሉ አባቷ።

«ቢበዛ እስከ እኩለ ሌሊት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላስተኛዎትም። ቁጭ ብለን ስናወራ እናነጋለን።»

ብርድ ልብሱን ምድጃው ዘንድ አሙቃ ልታለብሳቸው ስትል እጇን ገፉት። «አንቺ ልበሽው፤ ውጭ ያረፈድሽው አንቺ ነሽ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲሁ ናቸው፤ መስጠት እንጂ መቀበል አይሆንላቸውም።

«አባባ፣ በሞቴ!» አለች።

ትከሻቸውን ሰጧት። «በይ እንግዲህ፣ እንቅልፍ ከጣለኝ በጥፊም ቢሆን ቀስቅሺኝ» ብለው ሳቁ።

እሺ አለች፣ አልሳቀችም። ከጎህ ጀምሮ ጎኗን አላሳረፈችም፤ ዓይኖቿ ከአሁኑ ይከደናሉ። የፈራችው የእሳቸውን እንቅልፍ ሳይሆን የራሷን ነበር።