አልጋውን ያረጠበው

ውሻ አልጋ ላይ በሚያስተኙ ሰዎች ለመቀለድ ወርቁን የሚቀድመው አልነበረም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ፣ «ፈረንጅ እኮ ከውሻው ጋር አንድ ብርድ ልብስ ነው የሚጋራው» እያለ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሁሉ ያስቅ ነበር። ልጁ ሩሃማ አስራ አንድ ዓመት ሞልቷት ለልደቷ ቡናማ ቡችላ ሲገዛላትና ስሙን ዋፍል ስትለው፣ ወርቁ ጣቱን ቀስሮ ሕግ አወጣ። በዚህ ቤት ውሻ ፎቅ አይወጣም፤ አልጋ የሚባል ነገር በዓይኑም አያይም። ሚስቱ ሔርሞንም ልጅቱም እሺ አሉ።

ሕጉን ያፈረሰው ራሱ ሕግ አውጪው ነው። ወርቁ ከከተማው ዳር ካናል ዊንቸስተር በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ከሰዓት ገብቶ ማታ ነው የሚወጣው። ሔርሞን አፐር አርሊንግተን ወደሚገኘው የአረጋውያን መንከባከቢያ ገና ሳይነጋ ትሄዳለች፤ ሩሃማም ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ ጠዋት ቤቱ ጭር ይልበታል። ቡችላው ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ፣ ኬጅ የሚሉት የሽቦ ቤቱ ተዘግቶበት ሲያላዝን አንጀቱን በላው፤ አንድ ቀን «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ አቅፎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ረፋድ ላይ ሁለቱም ትልቁ አልጋ ላይ ይጋደማሉ፤ ዋፍል አፍንጫውን ብብቱ ስር ወሽቆ፣ ወርቁም ማንም አላየኝም ብሎ።

ሁለት ጊዜ ሸንቶበታል። ሁለቱንም ጊዜ ወርቁ አንሶላውን አጥቦ፣ ፍራሹን በኮምጣጤ ጠርጎ፣ ሔርሞን ስትመጣ «ዛሬ ደግሞ ላግዝሽ ብዬ ነው» ብሏታል። እሷም መርቃዋለች።

ጋሼ ነጋ ከሆሳዕና የመጡት በዚህ መሃል ነው። አባቱ ሲሞት የሰባት ዓመቱን ወርቁን ወስደው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ጸሎትም ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ውቅያኖስ የተሻገሩት የልጅ ልጃቸው ዮፍታሔ ሊያገባ ስለሆነ፣ በሠርጉ ቀን መድረክ ላይ ቆመው እንዲመርቁት ነው። በዚያው ከተማ ደብሊን በሚባለው ሰፈር ያለው የሙሽራው ቤት በእንግዳ ስለተጨናነቀ ወርቁ «እኔ ቤት ካላረፉ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ከኤርፖርት ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ እንግዳ ደግሞ ሶፋ ላይ አይተኛም። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን አልጋ ለቀውላቸው ቤዝመንት ውስጥ ፍራሽ ዘረጉ።

ጋሼ ነጋ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የቡችላውን ድምፅ ሰሙ።

«ውሻው ቤት ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«ኧረ የለም ጋሼ! ከቤዝመንት አይወጣም።»

«ደግ አደረጋችሁ። ሰው የሚተኛበት ቦታ ውሻ ሲገባ ነውር ነው» አሉ።

አዛውንቱ ከንጋት በፊት ተነስተው የሚጸልዩ ሰው ናቸውና ረፋድ ላይ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጉ፣ ከባድ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በመጡ በሦስተኛው ቀን እሳቸው እንደተኙ ዋፍል ማላዘን ጀመረ። ወርቁ እንዳይቀሰቅሳቸው ሰግቶ ከኬጁ አወጣውና ሳሎን ሶፋ ላይ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ እሱም ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ጭኑ ባዶ ነው። ቡችላው ከፎቅ ወርዶ ደረጃው ስር ጅራቱን ይቆላል፤ ከላይ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ የሰዓቱን ልማድ አልረሳም፣ አልጋውንም አልሳተም።

ወርቁ ሮጦ ወጣ። አልጋው ላይ አንሶላ የለም። ጋሼ ነጋ ጋቢያቸውን አገልድመው መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክከዋል፤ አንሶላውንና ቢጃማቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው በእጅ ሳሙና ያሻሉ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?»

ቀና አላሉም። «እንቅልፍ ላይ እንዳለሁ አመለጠኝ» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም ነበር። እርጅና ነው እንግዲህ።»

ወርቁ «ውሻው ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ሁለት ቃል ናት። ግን ከሁለቱ ቃላት ጀርባ ሌላም አለ፤ ከቤዝመንት አይወጣም ያለው ውሸት አለ፣ ቡችላውን አልጋ ያስለመደው ማነው የሚል ጥያቄ አለ፣ ልጅቱ ላይ የቀሰረው ጣትም አለ።

«ሔርሞን እንዳትሰማብኝ» አሉ ጋሼ ነጋ። «አደራህን።»

«እሺ ጋሼ» አለ ወርቁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ማታ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ማታ ሥራ ነበረ። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ነገ ደግሞ ቁርስ ላይ ሲስቁ አያቸውና የረሱት መሰለው። ኬጁን ግን ቆለፈ። ከእንግዲህ ካልደገመው ነገሩ በዚያው ይቀራል ብሎ ራሱን አሳመነ።

በስድስተኛው ቀን ዋፍልን ወደ ጓሮ ይዞት ወጣ። ሱፐርቫይዘሩ ኮል አደረገውና ስለ ሥራ ሽፍት ለውጥ ሲከራከር በሩን ክፍት ትቶት ኖሯል። ዞር ሲል ቡችላው የለም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣና ዋፍልን ኮሪደሩ ላይ ያዘው፤ ግን ረፍዷል። ወደ ቤዝመንት አውርዶ ቆለፈበትና ተመልሶ ሲመጣ ጋሼ ነጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአንሶላውን እርጥብ ቦታ በመዳፋቸው ሸፍነዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ወርቁ፣ ለማንም ልናገር አልችልም» አሉ። «እጅህን ጫንብኝና ጸልይልኝ፣ ልጄ።»

ያሳደጉት ሰው ከፊቱ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ወርቁ እጁን ሽበታቸው ላይ ጫነ። ጉደኛ ነው የሰው ልጅ፤ ጸለየ! «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን አስብ፣ ይህን ድካም ከላያቸው አንሳ» ብሎ ጸለየ፤ ድምፁ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ነጋ በየመሃሉ «አሜን» ይላሉ። ሲጨርስ እጁን ይዘው ሳሙት። ወርቁ ወደ ታች ወርዶ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ደግሞም ታጠበ። ራሱን ተጠየፈ።

ማክሰኞ ሔርሞን ከሥራ ስትመለስ ወርቁን ሥራ ሳይገባ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻው ጠራችው።

«አልጋ ሳነጥፍ ፍራሹን አየሁት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው፣ ምንም አይደለም። ዳይፐር ይዤላቸው መጥቻለሁ። እኔ ብሰጣቸው ያፍራሉ፤ አንተ ስጣቸው።»

ይኸው ሌላ በር ተከፈተለት፤ አልገባበትም። ዳይፐሩ ያለበትን ጥቁር ፌስታል ይዞ ወጣ። ጋሼ ነጋ አፉን ገለጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

«ነገርካት?»

«ራሷ አይታ ነው፣ ጋሼ።»

«ጌታ ይባርካችሁ» አሉ። «አስቸገርኳችሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተዉ። ኪኒናቸውን በምራቃቸው ይውጣሉ፤ ሻይ ሲቀርብላቸው ከንፈራቸውን ነክተው ያስቀምጡታል። ዓርብ ጠዋት ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር። ሔርሞን ቀኑን ለሠርጉ ፈቃድ ወስዳ፣ ትምህርት ያልነበራትን ሩሃማን ፎቅ ላይ ፀጉሯን ትሠራታለች። የጋሼ ነጋ ሙሉ ልብስ ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ወርቁን ጠሩት።

«ለዮፍታሔ ደውልለትና፣ ጋሼ አሟቸዋል፣ ነገ አይመጡም በልልኝ።»

«ለምን ጋሼ? ለዚህ አይደል እንዴ የመጡት?»

«መድረክ ላይ ቆሜ በሕዝብ ፊት ቢያመልጠኝስ? ምርቃቴ ቀርቶ ውርደቴ ነው ለልጁ የሚተርፈው። እናቱ ስትሞት እኔ እድረዋለሁ ብያት ነበር። አልሆነልኝም።»

ወርቁ ስልኩን አወጣ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደወለም። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው ዘጋው።

«ጋሼ፣ ውሻው ነው።»

«ምን?»

«አልጋው ላይ የሸናው ውሻው ነው። ሁለቱንም ጊዜ። እርስዎ ምንም አልሆኑም። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ እዚያ አልጋ ላይ ያስለመድኩት፤ እርስዎ ሲተኙ እየመጣ... አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ጋሼ ነጋ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነበር፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀጥሎ የመጣውን ግን ወርቁ ማየት አልቻለም፤ አንገቱን ደፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እጅህን ጭነህብኝ ስትጸልይም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለማን ነበር የምትጸልየው?» አሉ። አልጮሁም።

ወርቁ እግራቸው ላይ ወደቀ። በወጉ ቢሆን ትልቅ ሰው እግሩ ላይ የወደቀውን ቶሎ ብሎ ክንዱን ይዞ ያነሳል፣ «ተው ልጄ» ይላል። ጋሼ ነጋ አላነሱትም። ጫማቸው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ መጨረሻ ላይ የሰማው «ውሃ አምጣልኝ» የሚል ብቻ ነው።

ራሱ ተነሳ። ጆጉን ሞልቶ መጣ። አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ሁለተኛውንም ሳይተነፍሱ ጨረሱት። ጉሮሯቸው ሲውጥ ይሰማል።

«አሁን ሔርሞንን ጥራት» አሉ። «እኔ ፊት ንገራት።»

ሔርሞን ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወረደች፤ ሩሃማ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ተከተለቻት። ወርቁ ሁሉንም ተናገረ፤ የረፋዱን እንቅልፍ፣ ኮምጣጤውን፣ ጸሎቱን፣ ፌስታሉን ጭምር። ፊቱ ጋለ። ሩሃማ አፏን ከፍታ ታየዋለች።

«ዌይት፣ ዳዲ» አለች። «ዩ ሴድ ኖ ዶግ ኦን ዘ ቤድ።» ውሻ አልጋ ላይ አይወጣም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ ማለቷ ነው።

ሔርሞን ሄዳ ጋሼ ነጋ አጠገብ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እኮ...»

ጋሼ ነጋ የዳይፐሩን ነገር እንዳታነሳ ፈጥነው ክንዷን ይዘው አነሷት። «ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

«በአሥር ሰዓት ተኩል እንነሳለን፣ ጋሼ።»

«ደግ። ልብሴን እዩልኝ፣ እጅጌው ረዝሞ እንዳይሆን።»

ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ አነሱና ወደ ሩሃማ ዘረጉት። «ነይ የኔ ልጅ፣ ውሃ ቅጂልኝ» አሏት።

ልጅቱ ብርጭቆውን ይዛ ግራ ገባት። ጆጉ ወርቁ እጅ ላይ ነበር፤ የጋሼ ነጋን ክንድ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ እሳቸው ግን ወደ እሱ አልዞሩም።