የሸሻይ ፊያት

«ኦሪጅናል፣ ያልተነካች፣ ባለ ሁለት ወንበር የድሮ ስፖርት ፊያት። መርሳ አካባቢ።»

ቴሌግራም ላይ «ያልተነካ» የማይባል ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ሞተር የተቀየረለት ሚኒባስ እንኳ «ያልተነካ» ተብሎ ይሸጣል። ፊዮሪም ወልድያ ካለው የጨርቅ ሱቋ ተቀምጣ እንዲህ ያለውን ዝባዝንኬ ስቃበት ነበር የምታልፈው። ይቺን ግን ማለፍ አልቻለችም። ፎቶው ላይ ያለችው ቀይ መኪና ቁርጥ የወንድሟን የሸሻይን መኪና ነበረች። ሸሻይ ደግሞ በጦርነቱ ሰሞን በዚያች መኪና ከቤት እንደወጣ የቀረ ነው።

መኪናዋን አባታቸው በወጣትነታቸው ደሴ ላይ ከአንድ ጣሊያን የገዟት ናት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሰሌዳዋ ተፈቶ ግቢ ውስጥ ቆማ ኖረች። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ሲጠፋና የእናታቸው የስኳር መድኃኒት ሲያልቅ፣ ሸሻይ እንደ ምንም አስነሥቷት ወደ መርሳ አቅጣጫ ነዳ። ሊብሬው ቤታቸው ሲዘረፍ ስለጠፋ የሻንሲ ቁጥሯን የሚያውቅ ሰው የለም። እናታቸው አደይ ኣበራሽ ግን ልጄ አለ ባይ ናቸው። ልቅሶ አልተቀመጡም፣ ጥቁርም አልለበሱም። ፊዮሪ እናቷን መሟገት ከተወች ቆይታለች፤ በሆዷ ግን አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር። መኪናዋ የተገኘች ዕለት፣ የያዛት ሰው ሸሻይ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ለእናቷ ምንም ሳትተነፍስ መካኒኩን ይታገሱን ይዛ መርሳ ወረደች። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ እየተንገጫገጩ ይታገሱ ምክሩን ደጋገመላት።

«የተራ ፊያት፣ የሰይቸንቶ ሞተር ገጥመው ስፖርት ነው የሚሉ ሞልተዋል፤ እሱን እኔ አየዋለሁ። የናንተ መሆን አለመሆኗን ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«ከምንጣፉ ሥር አያለሁ» አለች። ከቀኝ ወንበር ፊት ወለሉ ዝጎ ሲበሳ አባታቸው በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ደፍነውት ነበር። ጽሑፉ ወደ ላይ ነው። ልጅ ሆና እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯን የምታሳርፈው እሱ ላይ ነበር። «ካገኘሁት ‹ቀለሙ አልተመቸኝም› እልሃለሁ። ያኔ ወጣ ብለህ ለፖሊስ ትደውላለህ።»

«ሰውየው ጠመንጃ ቢኖረውስ?»

«እንጃ» አለች ፊዮሪ። እውነቷን ነው፤ ከዚህ አልፋ አላሰበችም።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው ሩት የምትባል ልጅ የቆርቆሮውን በር ከፍታ አስገባቻቸውና ወዲያው መልሳ ቀረቀረችው።  አባትየው አቶ ወልዴ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። ረጅም፣ ቆጠብ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታቸውን ሰጥተው ከማንጎው ሥር ያለውን ሸራ ገፈፉት።

ይታገሱ ሞተሯ ወዳለበት ወደ ኋላ ዞሮ ክዳኑን ከፈተ። «ሞተሩ የራሷ ነው» አለ። «የሚገርም ነው፤ እውነተኛ የስፖርት ፊያት፣ ስፓይደር ናት።»

ፊዮሪ ሞተሩን አላየችም። ዓይኗ የሹፌሩ ወንበር ላይ ቀርቷል። የቀኙ ወንበር የጥንቱ ቆዳ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። የሹፌሩ ብቻ አዲስ ልብስ ለብሷል። ያልተነካች ላሏት መኪና አንድ ወንበር ለይተው ለምን አለበሱ?  የቀኙን በር ከፍታ ጎንበስ አለችና የምንጣፉን ጫፍ ያዘች።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉ አቶ ወልዴ።

ቀና አለች። ሽማግሌው በእሷና በግቢው በር መካከል ቆመዋል።

«መኪና ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሞተሯን ነው የሚያየው። አንቺ ሞተሩን ጥለሽ ምንጣፍ ትገልጫለሽ። ሳትገልጪው ንገሪኝ፤ ከሥሩ ምን አለ?»

 ፊዮሪ ብትናገር ማን እንደሆነች ይታወቅባታል። እኚህ ሰው ወንድሟን የገደሉ ከሆኑ ከዚህ ግቢ መውጣቷን እንጃ። ዝም ብትል ደግሞ እንደመጣች ትመለሳለች፤ ሸሻይ የት ገባ እንዳለች ዕድሜዋን ትፈጃለች። ይታገሱ ከወዲያ ሆኖ በዓይኑ ተይ ይላታል። ‹ቀለሙ አልተመቸኝም› የሚለው የተስማሙበት ቃል ከአእምሮዋ ጠፋ።

«የዘይት ቆርቆሮ ነው» አለች። «የእርዳታ ዘይት። አባቴ ናቸው የደፈኑት።»

አቶ ወልዴ ምርኩዛቸውን ግንዱ ላይ አስደገፉና እዚያው ሥሩ ላይ ተቀመጡ።  «ሩት፣ በሩን ክፈቺው» አሉ። «ሰዎቹ መጥተዋል።»

ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነገሯት። በዚያ በጦርነቱ ሰሞን መኪናዋን ማሳቸው ዳር ቆማ አገኟት። ልጁ መሪው ላይ ተደፍቷል። ጥይቱ ከየት እንደመጣ ያየ የለም። እንደ ደረሱለት አረፈ፤ ቃል አልተናገረም፣ መታወቂያም አልያዘም። አንገቱ ላይ ማተብ ስላለ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነው ቤተ ክርስቲያን አፈር አለበሱት።

«በሬዲዮ እንዳላስነግር ስሙን አላውቅ። ባለቤት የሌላት መኪና አለች ብል አገር ምድሩ ባለቤት ነኝ ይላል። ለሽያጭ ነው ብለሽ ለጥፊው አልኳት። ስንቱ ገዥ መጣ፤ ሁሉንም መልሻለሁ። የሱ ሰው ከሆነ ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ነገር ይፈልጋል ብዬ ነው።» ወደ ሹፌሩ ወንበር ቀና አሉ። «ወንበሩንም ያለበስኩት እንዲያ ሆኖ እንዳታዩት ነው።»

ፊዮሪ አለቀሰች። ገዳይ ብላ የመጣችባቸውን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። አፈረችም፤ አመሰገነችም፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም።

«አንቱ ቀበሩልኝ?» አለች።

«ቀበርነው እንጂ አላስፈታነውም ማለት ይቻላል» አሉ አቶ ወልዴ። «ቄሱ ፍትሐት ሲያደርጉ ስም የላቸው። ‹ስሙን አንተ ታውቃለህ› እያሉ ነው እስከ ዛሬ የቆዩት። የክርስትና ስሙ ማነው?»

ፊዮሪ አታውቀውም። ሸሻይ ታላቋ ነው፤ እሷ ሳትወለድ የተነሣ ክርስትና ነው። አባታቸው የሉም። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«አደይ» አለች። «የሸሻይ የክርስትና ስም ማነው?»

 ሰው የክርስትና ስሙ የሚጠየቀው ወይ ታሞ ጸሎት ሲያዝለት፣ ወይ ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለት ነው።

«አገኘሽው?» አሉ እናቷ።

«አዎ።»

«ታሟል?»

ፊዮሪ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣ አለ።  አቶ ወልዴ ተነሥተው የጋቢያቸውን ጫፍ ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«ገብረ መድኅን ነው» አሉ አደይ ኣበራሽ በመጨረሻ። «ቄሱ እንዳይሳሳቱ ደግመሽ ንገሪያቸው። ገብረ መድኅን።»

ፊዮሪ ስልኩን ሳትዘጋ ዞረችና ስሙን ለአቶ ወልዴ ነገረቻቸው።