የቸሩ ካፒቴን ረዳት

ምደባው በተነገረ ዕለት ከአዲሶቹ አብራሪዎች መካከል እንደ እሷ የተቀናበት አልነበረም። አውሮፕላኑ እንኳ የሚያስቀና አይደለም። ሁሉም የሚመኘው ጄቱን ነው፤ ለጀማሪ የሚሰጡት ግን ባለ ሁለት ፕሮፔለሮቹን፣ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓሩትን ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ያማርጧል። ያስቀናው አብረዋት የሚበሩት ሰው ናቸው። በድርጅቱ ውስጥ እኚህን ሰው በስማቸው የሚጠራ የለም፤ ከጽዳት ሠራተኛው እስከ መካኒኩ ሁሉም “ቸሩ ካፒቴን” ይሏቸዋል።

ቸርነታቸው የኪስ አይደለም፣ የመሪ ነው። ሌሎቹ ካፒቴኖች ማሳረፍ ሲደርስ “አሁን ለእኔ ተዪው” ይላሉ፤ ጀማሪ በሳምንት አንዴ ካሳረፈ ለጓደኞቹ ደውሎ ያወራል። ቸሩ ካፒቴን ግን መሬት ሲታይ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና “ያንቺ ነው ልጄ” ይላሉ። ጠዋትም ያንቺ ነው፣ ከሰዓትም ያንቺ ነው። አብረዋት የሠለጠኑት ይህን ሲሰሙ ቆሽታቸው አረረ።

የጀማሪ አብራሪን ኑሮ ለማያውቅ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ወዲያው አብራሪ አይባልም። በተመደበበት አውሮፕላን ላይ አምስት መቶ ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ስሙ “አዲሱ” ነው፤ ሴት ከሆነች “አዲሷ”። አዲስ ከአዲስ ጋር አይበርም፣ ነባር ካፒቴን ያስፈልገዋል። ከጎን የሚመታ ነፋስ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍም አዲስ እንዲያሳርፍ አይፈቀድለትም፤ ካፒቴኑ ራሱ ያሳርፋል። ሰዓቱ ከሞላ በኋላ ነው ጄት የሚጠየቀው። እሷ በተመደበችበት ትንሽ ጣቢያ ደግሞ ነባር ካፒቴን አንድ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ከቆሙ እሷም ትቆማለች፤ ካልበረረች ሰዓት የለም፤ ሰዓት ከሌላት “አዲሷ” እንደተባለች ታረጃለች።

የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። እናት አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት ረዳት ነበር። እህቱ አብራሪ ከሆነች ወዲህ ያልነገረው ተሳፋሪ የለም።

“እኔ ረዳት ሳለሁ” አላት አንድ ቀን ራት ላይ፣ “ሹፌሩ መሪውን ሊያስነካኝ ቀርቶ ወንበሩን ስጠርግ እንኳ ይቆጣ ነበር። የአንቺ ሰውዬ ወይ መልአክ ናቸው፣ ወይ ሰነፍ ናቸው።”

“አፍህን ያዝ” አለች ሚስቱ። “የልጅቷን ሲሳይ በምላስህ ልታባርር ነው?”

ሳቁ። እሷም ሳቀች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ? የበሬው ጥፋት ግን ምኑ ላይ እንደሆነ ለእኔ ገብቶኝ አያውቅም፤ ሣር የሚበቅለው ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ምን ያድርግ።

በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው፣ ተራራ ሥር ወዳለችው ትንሽ ማረፊያ ሰው ጭነው ሲሄዱ የማማው ተቆጣጣሪ የነፋሱን ልክ በሬዲዮ ነገራቸው። ከእሷ ልክ በላይ ነበር።

“ጋሼ፣ ይኼ ለእኔ አይፈቀድም። የእርስዎ ነው” አለች።

ካፒቴኑ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አደረጉ። ማኮብኮቢያው ፊት ለፊት መጣ፤ ነፋሱ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ይገፋል፣ እሳቸው ግን አያርሙም። እሺ አሁን ያስተካክላሉ ብላ ጠበቀች። አላስተካከሉም። ጣቶቻቸው መሪውን ጨምድደው ደም ሸሽቷቸው ነጥተዋል፤ ዓይናቸው መሬቱ ላይ ተተክሏል።

“ጋሼ። ቀኝ፣ ጋሼ።”

“ያዢው” አሉ በቀጭን ድምፅ። “ልጄ፣ ያዢው።”

ያዘችው። አንዱ ጎማ ቀድሞ መታ፣ አውሮፕላኑ ነጠረ፣ ሁለተኛው ጎማ ተከተለና ተቀመጠ። ከኋላ ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ። ተሳፋሪ ምን ያውቃል፤ አስተናጋጇ በውስጥ ስልኩ ደውላ “ካፒቴን፣ ሰዎቹ እያመሰገኑዎት ነው” አለቻቸው።

ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ካፒቴኑ ከወንበራቸው ሳይነሱ ነገሯት። አምና በዝናብ ሲያሳርፉ ከማኮብኮቢያው ወጥተው ጭቃ ውስጥ ገብተው ነበር። ሰው አልተጎዳም። እንዲያውም በስብሰባ ተመሰገኑ።

“ከዚያ ወዲህ ግን መሬቱ ሲቀርብ እጄ የእኔ አይደለም” አሉ። “ሰማይ ላይ ምንም አልሆንም። መሬት ሲታይ ነው።”

“በየስድስት ወሩ ይፈተኑ የለም እንዴ?”

“በመለማመጃው ማሽን ላይ ነዋ። እዚያ ምን መሬት አለ?” አሉና ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። “ትናገሪያለሽ?”

እዚህ ላይ በልጅቷ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ካለ አንድ አፍታ በእሷ ወንበር ይቀመጥ። የሰዓቷን ግማሽ እንኳ አልሞላችም። ሰውየው የሁለት ልጆች አባት ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ብትናገር እሳቸው ይቆማሉ፣ እሷም አብራቸው ትቆማለች።

“አልናገርም” አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ሁለቱ የሚቀመጡበት ክፍል ከቁም ሣጥን አይሰፋም፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። እጇን ብትዘረጋ የካፒቴኑን ትከሻ ትነካለች። ሰላማዊ ቀን ሲሆን “ያንቺ ነው ልጄ” ይባላል፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ያው እሷ ታሳርፍና ካፒቴኑ “እኔ አሳረፍኩ” ብለው ይፈርማሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በፊት በሰው ጥፋት ላይ ዝም ያለች ነበረች፤ አሁን ጥፋቱ የራሷም ሆነ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው በመስኮቱ በኩል ጎረቤት ያሰጣው ልብስ ነው። ልብሱ ከተወዛወዘ ቁርሷ አይወርድላትም።

“ምነው ከሳሽ እታለም?” ይላታል ወንድሟ።

“ሥራ ነው።”

“የሚኒባስ ሥራ ያከሳል፤ የአንቺማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።”

ጓደኞቿ እየደወሉ ስንት ጊዜ እንዳሳረፈች ይጠይቋታል፤ ስትነግራቸው ያፏጫሉ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናታል፦ ሰዓቱ እየሞላ ነው። አምስት መቶው ሲሞላ ጄቱን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ክፍል ትወጣለች፣ ሁሉም ይረሳል።

ሞላ። በማግስቱ ወደ ምደባ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ይህን ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቱ ልለው አልፈልግም፤ ለምን እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል።

“ሰዓትሽ ሞልቷል፣ እንኳን ደስ ያለሽ” አላት። “ጄቱ ግን ይቆይ። ካፒቴንሽ ‘ገና ናት፣ ዓመት ከእኔ ጋር ትቆይ’ ብለዋል።”

“ማን? ጋሼ?”

“ሌላ ካፒቴን አለሽ እንዴ?”

ወደሽ ከተደፋሽ ቢረግጡሽ አይክፋሽ ይባላል፤ እሷን ግን ከፋት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ካፒቴኑ እንደማያሳርፉ። እጃቸው እንደሚደርቅ። በነፋስም ቢሆን የምታሳርፈው እሷ እንደሆነች። ስትጨርስ ኃላፊው አሁን ደንግጦ ስልኩን ያነሳል ብላ ጠበቀች።

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

“ማን መሰለሽ እሳቸው ጋ የመደበሽ?” አለ ሲመለስ። “በሥልጠናው ከሁሉም አብልጠሽ የምታሳርፊው አንቺ ነበርሽ። ለሳቸው ደህና እጅ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ሰጠናቸው።”

እስከ ወገቧ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆመች መሰላት።

“እሳቸው ከቆሙ ያ ጣቢያ ይዘጋል” አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ሳያነሳ። “አንቺ አልበርም ካልሽ መብትሽ ነው። ነገ ባለፈው ሳምንት የገባችው ልጅ ትበራለች። እሷ ደግሞ በጠራ ቀንም ማሳረፍ ገና እየለመደች ነው። ስለ ነፋሱ ያልሽውን ግን ለሌላ ሰው ባትደግሚው ይሻላል። ፈቃድ የሚያስነጥቀው ያንቺን ነው።”

ማታ ራት ላይ ወንድሟን ጠየቀችው።

“ረዳት ሳለህ፣ ሹፌሩ መንዳት እንደማይችል ብታውቅ ምን ታደርግ ነበር?”

“እወርድ ነበራ” አለ ሳያመነታ።

“ተሳፋሪዎቹስ?”

አፉ ላይ የደረሰውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ሚስቱ ቀና ብላ አየቻቸው፣ አንዱንም ሌላውንም። ወንድሟ “ምን ሆነሻል አንቺ?” አላት። “ምንም” አለች።

በማግስቱ በረረች። ባትበር ያቺ ልጅ ትሄዳለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ሰማይ ላይ ከተስተካከሉ በኋላ ወደ ካፒቴኑ ሳትዞር ተናገረች።

“ገና ናት ያሉት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“አንቺ ከሄድሽ ማን ያሳርፍልኛል?” አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። “ክፉ ሰው አይደለሁም ልጄ። ፈሪ ነኝ።”

ተናደደች፤ አንጀቷንም በሉት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ሰው መጮህም ማቀፍም አይችልም። ከኋላቸው ተሳፋሪው ያወራል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ አስተናጋጇ ውሃ ታድላለች።

ተራራው ሥር ሲደርሱ ተቆጣጣሪው የነፋሱን ልክ ነገራቸው። ከእሷ ልክ በብዙ ያለፈ ነበር። ካፒቴኑ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

“ያው እንደ ወትሮው” አሉ። “ያዢው።”

መሪውን በአንድ እጇ ያዘች፣ በሌላው የሬዲዮውን ቁልፍ። ሬዲዮ እንደ ኃላፊው ቢሮ አይደለም፤ በሩን የሚዘጋበት የለም። የሚባለው ሁሉ ይቀረጻል፣ በዚያ ሰማይ ላይ ያለ አብራሪ ሁሉ ይሰማል፣ ማማው ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካፒቴኑ ጣቷን አዩና ገባቸው።

“ልጄ” አሉ። “ሁለታችንንም ነው የሚያጠፋን።”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ።”

ቁልፉን ተጫነች።

“ማማ፣ እዚህ ማሳረፍ አንችልም። ካፒቴኑ አውሮፕላን ማሳረፍ አይችሉም፤ ከቻሉ ቆይቷል። በዚህ ነፋስ ማሳረፍ ደግሞ ለእኔ አይፈቀድም። ከዚህ በፊት እዚህ በነፋስ ያረፈው ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ወደ ተነሳንበት ዋና ማረፊያ እንመለሳለን።”

ሬዲዮው ሌላ ጊዜ አንዱ በአንዱ ላይ የሚያወራበት መስመር ነው፤ አሁን አንድም ድምፅ የለም።

“ድገሚው” አለ ተቆጣጣሪው በመጨረሻ፣ የሰማውን ያላመነ ሰው በሚናገርበት አነጋገር።

ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት፤ የመጀመሪያውን ቃሏን ፍርሃቷ ራሱ ገፍቶ አውጥቶት ነበር። እየደገመች ሳለ የካፒቴኑ እጅ ከጉልበታቸው ተነስቶ ወደ ራሳቸው ቁልፍ ሲሄድ አየች። ሊያስተባብሉ ነው ብላ አሰበች። ሐሰት ነው ቢሉ ማን ያምናታል? እሳቸው ቸሩ ካፒቴን ናቸው፣ እሷ አዲሷ ናት።

“ካፒቴኑ ነኝ” አሉ። “ልክ ናት። እኔ አልችልም።”

ከዚያ ቁልፉን ለቀቁና አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እሷ አውሮፕላኑን አዞረች። አስተናጋጇ ስትደውል ወደ መጡበት እየተመለሱ እንደሆነ ነገረቻት። ተሳፋሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ቀጠሮ ያለው አለ፣ ሰው የሚጠብቀው አለ፤ ጀማሪ ስለሆነች ነው የሚልም አልጠፋም።

አምስት መቶው ሰዓት ከእጇ እንደወጣ ታውቃለች። ምናልባት ፈቃዱም። ወንድሟ ለስንቱ ተሳፋሪ ያወራውን ነገር አሁን ምን ብሎ ይመልሰው ይሆን? ይህን ስታስብ እሷም ዕንባ መጣባት፤ መሬቱ እየቀረበ ስለሆነ ግን ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም።

“ጋሼ” አለች። “የማሳረፊያውን የፍተሻ ዝርዝር ያንብቡልኝ። እሱን ብቻዬን አልችልም።”

ካፒቴኑ ዓይናቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ላይ ረጋ፣ ከዚያ ለዓመታት እንዳነበቡት አድርገው አነበቡ። እሷም ለእያንዳንዱ መለሰች። ዋናው ማኮብኮቢያ ረጅም ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ከፊት ለፊት ነበር። ዳሩ ላይ የምደባ ኃላፊው ነጭ መኪና ቆሞ፣ እሱም ከመኪናው ወርዶ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ማኮብኮቢያው መልሳ አሳረፈች።