ያመለጠ አሚን

ሷሊሕ በሸዋሮቢት ሰፈሩ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በሽንኩርቱና በአሚኑ። ዱአ በሚደረግበት ቤት ሁሉ የእሱ አሚን ቀድሞ ይወጣል፣ ከሁሉም ይጎላል። «የሷሊሕ አሚን እያለ መስጊዱ ድምፅ ማጉያ ምን ያደርግለታል?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። የዚያን ሐሙስ ግን የሚስቅበት አንጀት አልነበረውም።

ልጁ ፈይሰል ቅዳሜ ሊሄድ ነው። በመተማ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጎ ወደ አውሮፓ። ደላላው መኪና ይዟል፤ ጓደኞቹም ተሰናብተው ጨርሰዋል። የቀረው የአባት ዱአ ብቻ ነው። ፈይሰል «አባ ዱአ ካላደረጉልኝ እግሬን አላነሳም» ብሎ ለእናቱ ለሙሚና ምሏል። ሷሊሕ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ ከአንድ ትሪ እየበሉ አልተነጋገሩም።

ሷሊሕ መላ አያጣም። ስለ አውሮፓ የሚያውቀው ከሬዲዮ የለቀመውን ብቻ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ጠራ፤ ፈይሰልን ታሪክ ያስተማረውን ዘላለምን። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ጎረቤቱ ሼህ አብዱልወሃብም ቦታቸውን ይዘው ሳለ ነገሩን እንደ ዘበት ጣል አደረገ።

«እስቲ መምህር፣ ይህ አውሮፓ የሚሉት እውነት የሰላም አገር ነው?»

ዘላለም ለምን እንደተጠራ ያውቃል። «የምን ሰላም፣ ጋሼ ሷሊሕ? በእኛ ሰማንያ ሰባት፣ ሐምሌ ላይ፣ ቦስኒያ ውስጥ ስምንት ሺህ ያህል ወንድ በጥቂት ቀን ተረሽኗል። ሙስሊሞች ናቸው። አባት ከነልጁ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አሉ ሼሁ።

«አሁን ደግሞ ዩክሬን። ከተማው በቦምብ መፍረስ ከጀመረ ስንት ዓመቱ!»

«ሀብታቸውስ?» አለ ሷሊሕ፣ ደስታውን በጫቱ ቀንበጥ ሸፍኖ።

«ግሪክ የከሰረች ጊዜ ጡረተኛው ከቆሻሻ ገንዳ ምግብ ሲፈልግ በቴሌቪዥን አይተናል።»

ፈይሰል እስካሁን አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ቲቸር፣ ውሸት አልተናገሩም» አለ። «ግን ያ ሁሉ በአንዳንድ ጥግ ነው። የቀረው ሕዝብ ጦርነት ሳያይ ተወልዶ አርጅቷል። ከፖርቱጋል እስከ ፖላንድ መኪና ሲነዱ ወዴት ናችሁ የሚላቸው የለም። እኛ ከዚህ እስከ ደብረ ሲና ስንት ኬላ አለብን?»

«አንተኮ እዚያ እንደ እነሱ አትነዳም!» ዘላለምም ጋለ። «ሰላሙ ለራሳቸው ነው፤ አጥር አለው። አንተን የሚጠብቅህ ባሕሩ ነው።»

ሷሊሕ ረታሁ ብሎ ቀና አለ። ፈይሰል ግን መምህሩን ትቶ ወደ እሱ ዞረ።

«አባ፣ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እናቴን ስንት ጊዜ ተሸክመን ከተኩስ ሸሸን?»

ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው የሙሚና እግር አብጦ ስለነበር ፈይሰል ነው አዝሏት ዳገቱን የወጣው። ሷሊሕ ከኋላ ሆኖ የልጁ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ይህን ስላስታወሰ ተናደደ፤ ልጁ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ የባሰ ተናደደ።

«እዚህ ብትሞት መቃብርህን አውቀዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ከባሕር ውስጥ ማን ለቅሞ ያመጣልኛል?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሙሚና «አስተግፊሩላህ!» ስትል ተሰማ።

ሼህ አብዱልወሃብ ነገር ሲከር የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው። «በቃ፤ እጅ አንሱ» አሉ። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ዝናቡን በጊዜው አምጣልን፤ አሚን። ማሾውን ከተባይ ጠብቅልን፤ አሚን። የታመመውን አሽረው፤ አሚን። በየዱአቸው መጨረሻ የማትቀር አንዲት ቃል አለቻቸው፤ እሷንም አሏት።

«መንገደኛውን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሰው።»

«አሚን!»

ቤቱን የሞላው የሷሊሕ ድምፅ ነበር። አርባ ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን አላማከረም።

ፈይሰል ዘሎ ተነስቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። እያለቀሰ ነበር።

«እኔኮ... ለመንገደኛ ሁሉ ብዬ እንጂ...» አለ ሷሊሕ።

«አሚን ካልክ አልክ ነው» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። «የወጣ ዱአ አይመለስም።»

ሷሊሕ አላልኩም ብሎ ሊክድ ፈለገ፤ ግን ልጁ ጉልበቱን እንደያዘ ነው፤ እናቱን ያዘሉት ትከሻዎች ይንቀጠቀጣሉ።

«ተቀመጥ» አለው። «ከሰው መንገደኛ ጋር ተደርበህማ አትሄድም። በስምህ ላድርግልህ።»

መዳፉን እንደገና ዘረጋ። «ያ አላህ፣ ፈይሰልን ከበረሃው ጠብቅልኝ። ከደላላው ጠብቅልኝ። ከባሕሩ... ከባሕሩ አውጣልኝ።»

አሚን የሚል ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቀድሞ የሚለው እሱ ነበር። ሼሁም መምህሩም ከንፈራቸውን እንደነከሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሙሚና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኻ «አሚን» አለች።